በአንድ ስም የተጠሩ ብዙ ትኋኖች

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ «ሲስቴማ ናቱሬ» የተባለውን መጽሐፉን አሻሽሎ ለአሥረኛ ጊዜ ያሳተመው በ1758 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንስሳትን ሁሉ በሁለት ሁለት ቃል የመሰየም ሥርዓት የጸናው በዚህ ዕትም ነው። ከተሰየሙት ፍጥረታት መካከል በአውሮፓ ሣር ሜዳዎች ላይ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ስድስት ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ቡናማና አረንጓዴ የተደባለቀበት አንድ ትንሽ ነፍሳት ነበረ። ሊኔየስ «ሲሜክስ ፕራቴንሲስ» አለው፤ የመስክ ትኋን እንደማለት ነው። ሲሜክስ ያኔ እጅግ ሰፊ ወገን ነበር። በአልጋ ስንጥቅ ተደብቆ የሰው ደም የሚመጠው ትኋንና እንቡጥ ላይ ተቀምጦ ተክል የሚመጠው ዘመዱ አብረው ተመዝግበውበታል።

ያ የመስክ ትኋን ዛሬ ሊገስ በሚባል ወገን ውስጥ ነው። ሊገስ ሚሪዴ ከተባለው የተክል ትኋኖች አስተኔ ይመደባል፤ አስተኔው ከ11,000 በላይ የተመዘገቡ ዝርያዎችን ስለያዘ በትኋኖች ዓለም የሚስተካከለው የለም። የሊገስ ዝርያዎች ግን አርባን ጥቂት ቢያልፉ ነው። እነዚህን ጥቂት ዝርያዎች ለይቶ ለማወቅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ነገሩ የሙዚየም ሰዎች ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንድ ነፍሳት ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚራባበትን ተክል፣ ክረምቱን የሚያሳልፍበትን ቦታና የሚገድለውን ጠላቱን ማወቅ አይቻልም። ጥጥ፣ እንጆሪና አልፋልፋ የሚዘሩ ገበሬዎች ዕዳውን ሲከፍሉ ኖረዋል።

የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ዴንማርካዊው ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሺየስ ነፍሳትን በአፋቸው አሠራር መመደብ በጀመረ ጊዜ ሲሜክስ መከፋፈል ጀመረ። ፋብሪሺየስ በ1803 ካፕሰስ የሚባል ወገን አቋቋመ፤ የተክል ትኋኖች ብዙዎቹ ለጊዜው እዚያ ገቡ።

አሜሪካዊው ዘመዳቸው ወደ መዝገብ የገባው መከራ በማይለየው አንድ ፈረንሳዊ እጅ ነው። አምብሯዝ ፓሊሶ ደ ቦቭዋ በ1780ዎቹ ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር ጠረፍ ተክልና ነፍሳት ሲሰበስብ ቆይቶ ወደ ሳን ዶሚንግ፣ ወደ አሁኗ ሃይቲ ተሻገረ። በባርነት ሥር የነበሩት ሰዎች ባመፁበት ዘመን የሰበሰበው ሁሉ በእሳት ጠፋበት። ባዶ እጁን ፊላደልፊያ ደርሶ ለዕለት ጉርሱ ሙዚቃ እየተጫወተ እንደገና መሰብሰብ ጀመረ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከአፍሪካና ከአሜሪካ ያገኛቸውን ነፍሳት የሚገልጽ ትልቅ መጽሐፍ ከ1805 ጀምሮ በክፍል በክፍል አወጣ። በ1818 በወጣው ክፍል «ካፕሰስ ሊኔዮላሪስ» የሚል ስም ይገኛል። ደራሲው በ1820 ሲሞት መጽሐፉ ገና ታትሞ አላለቀም ነበር። ይህ ስም ለአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ተረስቶ እንደሚቆይ፣ በኋላም የሰሜን አሜሪካ ገበሬ ከሚፈራቸው ተባዮች የአንዱ ሕጋዊ መጠሪያ እንደሚሆን ያኔ ማን ያውቅ ነበር?

አሜሪካውያን ያንኑ ትኋን በራሳቸው መንገድ አገኙት። በኢንዲያና ግዛት ኒው ሃርመኒ በምትባል መንደር ይኖር የነበረው ቶማስ ሴይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ «ካፕሰስ ኦብሊኒያተስ» ብሎ ሰየመው። ሴይ በ1834 ሞተ። የነፍሳት ስብስቡ በቂ ጠባቂ አላገኘምና ደረቅ በድን የሚበሉ ጥንዚዛዎች አብዛኛውን ጨረሱት። ይህ ጥፋት ቀላል አይደለም። አንድ ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚያርፍበት ናሙና ካልተረፈ፣ በኋላ የሚመጡ ሰዎች መጽሐፉ ላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ይዘው መገመት ብቻ ይቀራቸዋል።

በነዚሁ ዓመታት ጀርመን አገር ኑረምበርግ ከተማ ካርል ቪልሄልም ሃን በቀለም ሥዕል ያጌጠ የትኋኖች መጽሐፍ እያዘጋጀ ነበር። በ1833 ሊገስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣው እሱ ነው። የመስክ ትኋኑንም ከሌሎች ጋር አስገባበት። ይሁን እንጂ ለወገኑ ምሳሌ የሚሆነው ዝርያ የትኛው እንደሆነ አልተናገረም። በዘመኑ ልማዱም ስላልነበረ በሃን ላይ አይፈረድም፤ የዚያ ዝምታ ውጤት ግን ለ130 ዓመት ሰዎችን ሲያከራክር ይኖራል። ሃን ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞት ሥራውን ሄሪሽ-ሼፈር የተባለ ሐኪም ተረክቦ እስከ 1853 ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በብዙ ወገኖች ላይ የደረሰ ነው፤ ሊገስ ከመጠን በላይ ሰፋ። በ1858 ፍራንዝ ክሳቨር ፊበር ኦርቶፕስ የሚባለውን ወገን ነጥሎ አወጣ፤ ሊኔየስ በ1758 የሰየመው ሌላው የመስክ ትኋን ካምፔስትሪስ ዛሬ የሚገኘው እዚያ ነው። ነገር ግን የሚወጣው ጥቂት፣ የሚገባው ብዙ ነበር። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአውስትራሊያ በመርከብ ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች የሚላኩ ናሙናዎች ትንሽ፣ ሞላላና ለስላሳ አካል ካላቸው «ሊገስ» ተብለው ይመዘገቡ ጀመር።

የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ፊንላንዳዊው ኦዶ ሞራናል ሮይተር ነበር። ሄልሲንኪ ሆኖ ከ1875 ጀምሮ የተክል ትኋኖችን ዕጣ ሲመድብ ኖረ። ስለ አውሮፓ ዝርያዎች የጻፋቸው ተከታታይ መጻሕፍት ከ1878 እስከ 1896 ወጥተዋል። በሕይወቱ መጨረሻ ዓይኑ ጠፋ፤ ሆኖም መሥራቱን አላቋረጠም። በማጉያ መነጽር የሚታይን የእግር ጥፍርና የክንፍ ጠጉር ለዓመታት ሲመዝን የኖረ ሰው ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ አስተኔውን ከትዝታው እያወጣ መመደቡን ሳስብ አክብሮቴ ይበዛል። የሮይተር ሊገስ ግን እጅግ ሰፊ ነበር፤ ሃን ሊል የፈለገው ያው ወገን መሆኑም በኋላ ጥያቄ ተነሥቶበታል።

በዚሁ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ትኋኑ ከሙዚየም ወጥቶ የእርሻ ጉዳይ ሆነ። የሚዙሪ ግዛት የነፍሳት ባለሙያ ቻርልስ ራይሊ በ1870 ባወጣው ሪፖርት በሴይ ስም እየጠራ፣ መልኩ ወይቦ ዝገት የነካው የሚመስለው ይህ ትኋን የፍራፍሬ ዛፍ ቀንበጥና የአትክልት እንቡጥ እንደሚያበላሽ ገለጸ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ በወየበ መልኩ ነው። ቀጥሎ የመጡት ሊቃውንት ደግሞ የአሜሪካውን ትኋን ከአውሮፓው አጠገብ አድርገው ሲያዩት ልዩነት አልታያቸውም፤ ሁለቱም «ሊገስ ፕራቴንሲስ» ናቸው ተባለ። በአትላንቲክ ግራና ቀኝ ያሉ ገበሬዎች አንድ ጠላት እንዳላቸው ተቆጠረ። በሁለቱ አህጉሮች የተጻፈው ሁሉ፣ ስለ እንቁላሉም ስለ ምግቡም፣ በአንድ ስም ሥር ተደባለቀ።

ሊቃውንቱን ያሳታቸው ቀለም ነው። የሊገስ ትኋን ክንፍ አውጥቶ በወጣበት ቀን ገርጥቶ ይታያል፤ ዕድሜው ሲገፋ ይጠቁራል። በበጋ የተወለደው ፈካ ያለ ሲሆን፣ በመኸር ተወልዶ ክረምቱን በደረቅ ቅጠልና በአረም ሥር የሚያሳልፈው ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ እናት ልጆች ሁለት ዝርያ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ደግሞ በአንድ ወር ከተሰበሰቡ አንድ ይመስላሉ። ጀርባቸው ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ሳይቀር ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀያየራል።

በአውሮፓ በኩል የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ያነሣው ሌላ ፊንላንዳዊ ነው። ቤርቲል ፖፒየስ በ1911 ስለ ሊገስ ብቻ ባሳተመው ጥናት «ሊገስ ሩጉሊፔኒስ» የሚባል ዝርያ ለይቶ አወጣ። ክንፉ በጥቃቅን ጉድጓዶችና በጠጉር ከፕራቴንሲስ ይልቅ የተሞላ ነው። ፖፒየስ በ1916 ገና በአርባ ዓመቱ ሞተ፤ የሰየመው ዝርያም ለረጅም ጊዜ የሚያስታውሰው አጣ። በኋላ በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በስካንዲኔቪያ ማሳ ውስጥ ያለው ዋነኛ ተባይ ይኸው የፖፒየስ ትኋን እንደሆነ ታወቀ። ከሊኔየስ ጀምሮ ጥፋቱን ሁሉ ሲሸከም የኖረው ፕራቴንሲስ ብዙውን ጊዜ በሌላው ወንጀል ሲከሰስ ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካ ሥራው በወጣቱ ሃሪ ናይት ላይ ወደቀ። ናይት በ1917 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በኩል ከሜክሲኮ በላይ ያሉትን የሊገስ ዝርያዎች የሚገልጽ ጥናት አወጣ። ቫን ዱዚ የተባለ ሊቅ ከሦስት ዓመት በፊት ከሰየመው «ኤሊሰስ» አጠገብ «ሄስፔረስ» የሚባለውን የምዕራብ ትኋን ጨመረ፤ ይህ ሁለተኛው ዛሬ የካሊፎርኒያ ጥጥና እንጆሪ አብቃዮች ዋና ራስ ምታት ነው። ይሁንና የምሥራቁን ትኋን ናይት ያን ጊዜ ከአውሮፓው ፕራቴንሲስ ሥር እንደ አንድ ዓይነት ብቻ ቆጥሮ አስቀመጠው። በዚያ ጥናት ለቀለም ልዩነቶችም ብዙ ስም ተሰጥቷል። በኋላ ናይት ወደ አይዋ ሄዶ ዕድሜውን ሙሉ ለተክል ትኋኖች ሰጠ፤ በ1941 ስለ ኢሊኖይ ግዛት ዝርያዎች ባወጣው መጽሐፍ የወንዱ የመራቢያ አካል ከቀለም ይልቅ የታመነ ምስክር መሆኑን አሳየ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በ1968፣ አሜሪካ የኑክሌር ቦምብ ትሞክርበት በነበረው በኔቫዳ በረሃ ስለተሰበሰቡ የተክል ትኋኖች ሌላ መጽሐፍ አሳትሟል።

አፍሪካም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ምዕራፍ አላት። በኡጋንዳ የጥጥ ቅጠል እየተቀዳደደ፣ እንቡጡም እየረገፈ ሲያስቸግር ቴይለር የተባለ የእንግሊዝ የነፍሳት ተመራማሪ ነገሩን በማሳ ላይ ተከታተለ። በ1945 ያሳተመው ሰፊ ጥናት «ሊገስ ሲሞኒ» ያለውን ትኋን ተጠያቂ አደረገ። ከሁሉ የሚበልጠው ግኝቱ የማሽላው ነገር ነው። ትኋኑ በማሽላ ላይ እየተራባ ወደ ጥጥ ይሻገራል። ስለዚህ የጥጥ ጥፋት ምን ያህል እንደሚሆን ለማወቅ ጎረቤት ያለውን የማሽላ ማሳ ማየት ያስፈልጋል። ማሽላና ጥጥ ጎን ለጎን ለሚዘራበት ለእኛ ቀጠና ይህ ዛሬም የሚሠራ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት በሊገስ ታሪክ እጅግ የተጨናነቁት ናቸው። የናይት ተማሪ የነበረው ጄምስ ስሌተር በ1950 የሴቶቹም የመራቢያ አካል ለምደባ እንደሚያገለግል የሚያሳይ ጥናት አወጣ። በ1952 እሱና ዴቪስ የተባለ ባልደረባው የአሜሪካው ትኋን የአውሮፓው እንዳልሆነ ከጸና በኋላ ማን ቀድሞ እንደሰየመው ሲመረምሩ፣ የሴይ ስም በፓሊሶ ደ ቦቭዋ ስም እንደሚቀደም አረጋገጡ። ሁሉን ካጣ በኋላ እንደገና የተነሣው ያ ፈረንሳዊ በዚህ መንገድ ተመልሶ መጣ፤ «ሊገስ ሊኔዮላሪስ» ከዚያ ወዲህ አልተቀየረም። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዴኒስ ሌስተን ሊገስን በንዑስ ወገኖች ከፍሎ አንዱን ታይለሪሊገስ አለው። ቴይለር በኡጋንዳ ያጠናው ትኋን ከሊገስ ወጥቶ ወደዚያ ሄደ፤ አሁን «ታይለሪሊገስ ቮሴሌሪ» ይባላል። በ1956 ደግሞ ሳውዝዉድ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ የፖፒየስን ሩጉሊፔኒስ ስምና የሕይወት ዑደት አስተካክሎ ጻፈ።

ወገኑን ከሥር መሠረቱ የፈተሸው ግን ካናዳዊው ሌናርድ ኬልተን ነው። ኦታዋ በሚገኘው ብሔራዊ የነፍሳት ስብስብ ውስጥ ተቀምጦ ከየአህጉሩ «ሊገስ» ተብለው የመጡትን አንድ በአንድ እየፈታ ውስጣቸውን አየ። በ1955 ያወጣው ጥናት እነዚህ ትኋኖች በውጭ መልካቸው ቢመሳሰሉም በውስጥ አካላቸው የተለያዩ ብዙ ወገኖች መሆናቸውን አስረዳ። እውነተኛው ሊገስ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ጠባብ ወገን ሆኖ ቀረ። የሐሩር አገሮቹ «ሊገሶች» አብዛኞቹ የሩቅ ዘመድ እንጂ ወንድም አልነበሩም። ከ1950ዎቹ በፊት ስለ አፍሪካ ጥጥ የተጻፉ መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ሊገስ የሚለውን ቃል ሲያገኝ ቆም ማለት የሚገባው ለዚህ ነው።

በዚህ መካከል የሃን ዝምታ ፈነዳ። የአንድ ወገን ስም እንደ ድንኳን ነው፤ ካስማው አንድ የተመረጠ ዝርያ ሲሆን፣ ካስማው ከተነቀለ ስሙ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሃን ካስማውን ስላልተከለ ተከታዮቹ የየራሳቸውን ተከሉ። በ1941 በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረ ቻይና የተባለ ሰው የሮይተር ሊገስ ከሃን ሊገስ የተለየ ነው ብሎ አፖሊገስ የሚል ስም አወጣ። በ1949 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቫግነር የመስክ ትኋኑን ቡድን ኤክሶሊገስ አለው፤ ብዙ አውሮፓውያንም ተቀበሉት። እንግዲህ ያው ትኋን በአሜሪካ ሊገስ፣ በአውሮፓ ኤክሶሊገስ ተባለ ማለት ነው። ስለ አንድ ተባይ የሚጻጻፉ ሁለት ተመራማሪዎች አለመግባባት ጀመሩ። የዓለምን የተክል ትኋኖች ማውጫ ከ1957 እስከ 1960 ያሳተመው ብራዚላዊው ካርቫሊዮ፣ ናይትና ኡሲንገር የተባለ ሌላ ሊቅ ሆነው ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚሽኑ በ1963 ልዩ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ወሰነ፤ የሊገስ ካስማ ሊኔየስ በ1758 የሰየመው የመስክ ትኋን ሆነ። ጠብ ያለባቸው ስሞች ሁሉ እንዲህ ቢዳኙ ብዙ ጉልበት ይተርፍ ነበር።

ስሙ ሲጸና የማሳው ሥራ ፈጠነ። በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ገበሬዎች አልፋልፋን በአንድ ቀን ሲያጭዱ፣ መኖሪያ ያጣው ሄስፔረስ እየበረረ ጎረቤት ባለው ጥጥ ላይ ይወርድ ነበር። ስተርን የተባለ የነፍሳት ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1964 አልፋልፋውን በመደብ በመደብ እያፈራረቁ ማጨድን መከሩ። አንዱ መደብ ሲታጨድ ሌላው ይቆማል፤ ትኋኑም ከሚወደው ከአልፋልፋ ሳይወጣ ይቆያል። መርዝ አልተረጨም፤ የማጨጃው መስመር ብቻ ተቀየረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሄስፔረስ ምራቅ የተክልን ሕዋስ የሚያያይዘውን ፔክቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም እንዳለው ታወቀ። ትኋኑ መርፌ አፉን ወግቶ ጭማቂ ብቻ አይመጥም፤ ሥጋውን በምራቅ አቅልጦ ይጠጣዋል። ለዚህ ነው ትንሽ ወግቶ ትልቅ የሚያጠፋው፤ የጥጥ እንቡጥ ይረግፋል፣ እንጆሪ ተጨማድዶ ይቀራል፣ የአልፋልፋ ዘር ይኮማተራል።

ኬልተን በ1975 የሰሜን አሜሪካን ሊገሶች ብቻ የሚመለከት ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ቀጥሎም የምደባ ሥራ ለማሳ ከሰጣቸው ጥቅሞች ትልቁ መጣ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በአውሮፓ በሩጉሊፔኒስ ግልገሎች ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል «ፔሪስቴነስ ዲጎኒውቲስ» የምትባል ትንሽ ተርብ አገኙ። የተርቧ ልጅ በግልገሉ ሆድ አድጋ ስትወጣ ግልገሉን ትገድለዋለች። ሊኔዮላሪስና ሩጉሊፔኒስ አንድ ባይሆኑም እውነተኛ የአንድ ወገን ወንድማማቾች መሆናቸው ስለታወቀ፣ የአንዱ ገዳይ ሌላውንም እንደምትይዝ ተስፋ ተደረገ። ተርቧ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒው ጀርዚ ተለቀቀች፤ በ1984 መልመዷ ተረጋገጠ። ከዚያ በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች እስከ ካናዳ ተዛመተች፤ በአልፋልፋ ማሳ ያለውን ትኋን 75 በመቶ እንደቀነሰች በ1996 የታተመ ግምገማ መዝግቧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ እሷና አንዲት ዘመዷ በካሊፎርኒያ የእንጆሪ አካባቢ ተለቀቁ። ትኋኑ ሊገስ ሳይሆን የሩቅ ዘመድ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ማባከን ይቻል ነበር።

ዝርያዎቹ አንድ በአንድ ሲታወቁ ጠባያቸውም ተለያይቶ ታየ። በ1986 የወጣ ዝርዝር ሊኔዮላሪስ በ385 ዓይነት ተክሎች ላይ እንደተገኘ ቆጥሯል። ሩጉሊፔኒስ ከ400 በላይ ተክሎች አሉት፤ መኖሪያውም አውሮፓና እስያ ብቻ ሳይሆን የሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ጭምር ነው። ይህን ያህል የሚበላ ነፍሳት ማሳው ሲረጭ አረም ላይ ተጠልሎ ይተርፋል፤ ተመልሶም ይመጣል።

በ1995 የኒው ዮርኩ ራንዳል ሹ የዓለምን የተክል ትኋኖች ከ1,300 ገጽ በላይ በሆነ አንድ ማውጫ ሰበሰበ። በ1998 ደግሞ ማይክል ሽዋርትዝና ሮበርት ፉቲት በኦታዋ የሰሜን አሜሪካን ሊገስ እንደገና መርምረው፣ የአውሮፓና የእስያውን አክለው አሳተሙ። ቀለም ብቻ ያወጣቸውን አንዳንድ ስሞች አዋሐዱ፤ አዳዲስ ዝርያዎችም ጨመሩ። ከአዲሶቹ አንዱ ለኬልተን መታሰቢያ «ሊገስ ኬልቶኒ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የዲኤንኤ ምርመራ ተጨምሯል፤ ግን ያ መጽሐፍ አሁንም በጠረጴዛ ላይ የሚከፈት ነው።

መጽሐፉ በወጣበት ዘመን የጥጥ ማሳ እየተለወጠ ነበር። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ቢቲ የሚባለው፣ ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን በራሱ የሚሠራ ጥጥ ተዘራ። ቦል ዊቭል የተባለው ነቀዝም በትልቅ ዘመቻ ከብዙ ግዛቶች ጠፋ። የርጭቱ ብዛት ሲቀንስ፣ ድሮ በነዚያ ርጭቶች አብሮ ይሞት የነበረው ሊኔዮላሪስ ቦታ አገኘ። የቢቲ ፕሮቲን በእርሱ ላይ አይሠራም። በሚሲሲፒ ዴልታ ቀድሞ በ1990ዎቹ ፓይሬትሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶችን ተላምዶ ነበርና ዋነኛ ተባይ ሆነ። በቻይናም ያው ሆነ። በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ቢቲ ጥጥ በሰፊው ከተዘራ በኋላ የተክል ትኋኖች በጥጥ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ባሉ የፍራፍሬ ዛፎች ላይም እንደበረከቱ አሳየ። ከነዚያ ትኋኖች መሪው «አፖሊገስ ሉኮረም» ነው፤ ይህ ዝርያ በ1843 ከተሰየመ በኋላ ለብዙ ዘመን ሊገስ ሲባል የኖረ ነው።

ኢትዮጵያ በ2018 ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላዎች እንዲዘሩ ፈቅዳለች። አሜሪካና ቻይና የሄዱበትን መንገድ እኛም ብንሄድ ከጓይ ትል በኋላ ማን ሊመጣ እንደሚችል ካሁኑ ማወቅ ይጠቅመናል፤ የኡጋንዳው ትኋንና የማሽላው ነገር ፍንጭ ሰጥቶናል። በአዋሽ፣ በመተማ፣ በሁመራና በጋምቤላ ጥጥ ማሳ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ በመረባችሁ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ትንሽ ትኋን ስታገኙ በማስታወሻችሁ «ሊገስ» ብላችሁ አትለፉት። ወንዱንም ሴቷንም አልኮል ውስጥ አኑሩ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኘበትን ተክልና በአጠገቡ የተዘራውን ማሽላ በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከናሙናው ጋር አስገቡ፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ላኩት።